ካቻቢቴ

ሰውን ከስድሳ ዓመቱ በኋላ እንቅልፍ ከሚነሡት ነገሮች መካከል፣ የጉልበት ቁርጥማትና የልጆች ነገር እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ አንዲት ብሎን ትገኝበታለች ብሎ የሚነግረኝ ቢኖር ኖሮ፣ የሰውየውን ጤንነት ተጠራጥሬ ወሬውን በዘዴ ወደ በረዶው መጣልና አለመጣል እመልሰው ነበር። እነሆ ግን በዚህ በያዝነው በ2026 ዓመት፣ በየካቲት ወር፣ በአውሮራ ከተማ ከሀቫና ጎዳና ብዙ በማይርቅ ቤቴ ውስጥ፣ በመነጽር ላይ አጉሊ መነጽር ደርቤ እንዲህ ካለችው ብሎን ጋር ዐይን ለዐይን ስንተያይ አመሸን። (ወሮቹንና ዓመቶቹን ሁሉ እንደምኖርበት አገር አቆጣጠር የምጽፋቸው ስለ ሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ ሰባቱን ወይም ስምንቱን መቀነስ የአንተ ፈንታ ነው።)

ብሎኒቱ በላፕቶፔ ሆድ ሥር ከተደረደሩት ዐሥር እኅትማማቾች አንዷ ናት። እኔ የማውቀው ብሎን ሁለት ዓይነት ነው፤ አናቱ ላይ ሰረዝ የተሠመረበትና መስቀል የተቀረጸበት። ይህች ግን ሰረዝም መስቀልም የሌላት፣ አምስት ቅጠል ያለው አበባ ብቻ የተፈለፈለባት ሆና ስለ ተገኘች፣ በመሳቢያዬ ካሉት ሰባት ካቻቢቴዎች አንዱ እንኳ አልገባላትም፤ ሁሉም በየተራ እየቀረቡ፣ የባለጸጋ ልጅ ለማጨት ሽማግሌ እንደ ላከ ድኻ፣ አፍረው ተመለሱ።

ልጄ ይህን ሁሉ ከሶፋው ላይ ሆና ስትከታተል ቆይታ፣ «አባዬ፣ እንዳይከፈት ተብሎ እኮ ነው የተሠራው፤ ሌላ ግዛ» አለችኝ። ይህን ያለችው በክፋት አይደለም፤ እርሷ ያደገችው ዕቃ ሁሉ ተደፍኖ በሚመጣበት ዘመን ስለ ሆነ፣ የአንድን ዕቃ ውስጥ ማየት ለእርሷ የጎረቤትን ጓዳ በመስኮት እንደ መመልከት ያለ ነውር ነው። እኔ ግን «እንዳይከፈት ተብሎ» የሚለው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ።

ነገሩ የጀመረው በሆድ ሕመም ነው። ከአራት ዓመት በፊት የገዛሁት ይህ ላፕቶፕ፣ የሠሪውን ስም መጥራት ነገር መፈለግ ስለሚሆንብኝ ትቼዋለሁ፣ በጥምቀት ሰሞን ክዳኑ አልገጥም አለ፤ ጠረጴዛ ላይ ሲያኖሩትም አንድ እግሩ እንደ ጎደለ በርጩማ ይወዛወዛል። ባለቤቴ አየችውና «ምን አብልተኸው ነው?» አለች፤ በእርግጥም ሆዱ ተነፍቶ ነበር። ሊቲየም የሚባለው ባትሪ ሲያረጅ በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየፈረሰ ጋዝ ይሆንና፣ ጋዙ መውጫ ስለሚያጣ ከረጢቱን ኩፍ እንዳለ ሊጥ ይነፋዋል። የሰው ሆድ ቢሆን ጤና አዳም በቡና ይበቃው ነበር፤ የባትሪ ነፋት ግን ቢወጉት እሳት የሚተፋ ስለ ሆነ፣ መድኃኒቱ ከነከረጢቱ አውጥቶ ሌላ መተካት ብቻ ነው።

ወደ አንድ መጠገኛ ቤት ወሰድሁት። ትሕትናው ከመነኩሴ የማያንስ አንድ ወጣት ተቀብሎኝ፣ ላፕቶፑን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ካየ በኋላ፣ የዋስትናው ዘመን እንዳለፈ፣ ባትሪው ከኪቦርዱ ጋር ስለ ተጣበቀ ሁለቱ አብረው እንደሚለወጡ፣ ይህም ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ ዘረዘረልኝ፤ ዋጋው ላይ ሲደርስ ግን እንደ መርዶ ነጋሪ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዚህ ገንዘብ አዲስ ቢገዙ ይሻልዎታል» ሲለኝ፣ ነፍስ ይማር ሊለኝ ምንም አልቀረው። እኔም ሬሳዬን በብብቴ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

በልጅነቴ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በቤታችን መደርደሪያ ላይ ጥልፍ የለበሰ ትልቅ ራዲዮ ነበረን። ድምፁን ሲያጠፋ አባቴ በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም አባት ጎኑን በጥፊ ይለዋል፤ በጥፊ ያልተመለሰ እንደ ሆነ ግን፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጥልፉን አንሥቶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ካቻቢቴውን ይይዝና ይቀመጣል፤ እኛም ልጆቹ እንደ ዲያቆናት በግራና በቀኝ ቆመን ፋኖስ እናበራለታለን። የኋላው ሰሌዳ ሲነሣ አቧራው፣ የሸረሪቱ ድር፣ እንደ ኩራዝ ቦግ የሚሉት ትንንሽ የመስታወት አምፖሎች ሁሉ በግልጥ ይታያሉ። አባቴ ስለ ራዲዮ አሠራር የሚያውቀው እምብዛም አልነበረም፤ አቧራውን እፍ ይልና የላላውን ጠበቅ ያደርጋል፤ ግማሹን ጊዜ ይሠራል፣ ግማሹን ጊዜ አይሠራም። የሠራ ዕለት ግን በቤታችን ዜና የሚያነበው ሰው የአባቴ ባለዕዳ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ ካቻቢቴው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ለራዲዮውም፣ ለልብስ ስፌት መኪናውም፣ ለበሩ ማጠፊያም ያው አንዱ ይበቃ ነበር።

ስሙ ደግሞ፣ እንደሚታወቀው፣ ከጣልያን የመጣ ነው፤ ካቻቢቴም፣ ፒንሳም፣ ብሎንም፣ መበየጃው ስታኞም ሁሉ የእነርሱ ቃል ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ አገር ሊወር የመጣው ጠላት እንኳ መፍቻውን ከነስሙ ትቶልን ሲሄድ፣ ዕቃውን በገንዘባችን የሸጠልን ወዳጅ ነጋዴ መፍቻውን ለራሱ ያስቀራል። (ፒንሳን ካነሣሁ አይቀር፣ የእኔን ፒንሳ በ2019 አንድ ወዳጄ «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ ወስዶታል። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለሳለሁ።)

ውጪው በብሎን ቢዘጋ ውስጡ ደግሞ በቃል ይዘጋል። ኮምፒዩተሬ መታወክ በጀመረበት ሰሞን በስክሪኑ ላይ እየደጋገመ የሚጽፍልኝ ቃል «አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ቆይተው ይሞክሩ» የሚል ነበር። እኔ አንድምታ ቤት ገብቼ ባልማርም ከአያቴ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁና፣ ይህን ቃል እንዲህ እተረጕመዋለሁ፦ «አንድ ነገር» ማለቱ ምንድር ነው ቢሉ፣ አንድም ባትሪው ነው፤ አንድም መስመሩ ነው፤ አንድም ጠያቂው ነው፣ ባይጠይቅ ባልተበላሸ ነበርና። «ቆይተው» ማለቱ፣ አንድም አምስት ደቂቃ ነው፤ አንድም እስከ ዳግም ምጽአት ነው። «ይሞክሩ» ማለቱ ግን ያለ አንድም ግልጥ ነው፤ እኛ አንሞክርም ማለት ነው።

አፕዴት የሚሉትም ነገር አለ። ሌሊት ተኝተህ ሳለ ማንም ሳይጠራው ይገባና፣ ጠዋት ስትነሣ ማተሚያው የነበረበት ቦታ ላይ መደምሰሻው፣ መደምሰሻው የነበረበት ላይ የማታውቀው የቀስተ ደመና ምልክት ተተክሎ ታገኛለህ። የቤት ሠራተኛ ጓዳውን እንዲህ ብታደርገው በዕለቱ ትሰናበት ነበር። ምን ተሻሻለ ብለህ ብትመረምር፣ አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ የነበረው ሁሉ አለ፣ አንድ ሁለት ክፍል ወደ ውስጥ ገብቷል።

ከሁሉ የሚከፋኝ ግን የኪራዩ ነገር ነው። የምጽፍበትን ፕሮግራም ድሮ አንድ ጊዜ ገዝቼ፣ ሳጥኑን ቤቴ አስገብቼ፣ የእኔ ነው ብዬ እጽፍበት ነበር፤ ዛሬ በየወሩ እከፍልበታለሁ፤ አንድ ወር ከዘገየሁ የራሴን ጽሑፍ አንብበው እንጂ አትንካው ይለኛል። «መሬት ላራሹ» ተብሎ ሰልፍ ሲወጣ እኔ ልጅ ነበርሁ፤ ታላቅ ወንድሜ ግን ከሰልፈኞቹ ጋር ሮጦ ጫማው ጠፍቶበታል። ለዚያ ጫማ ስል እኔ በስተርጅናዬ በገዛ ኮምፒዩተሬ ውስጥ ጭሰኛ መሆን አልነበረብኝም። ፎቶግራፎቻችንስ ወዴት ናቸው ብዬ ልጄን ብጠይቃት «ደመና ላይ ናቸው» አለችኝ፤ ቅር እንዳይላት ዝም አልሁ እንጂ፣ አባቶቻችን ላም አለኝ በሰማይ ያሉት ስለዚሁ ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም።

ለፍትሕ ያህል አንድ በጎ ነገር ልመስክር። በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የእኛው ዘመን አቆጣጠር ተቀምጦ ይገኛል፤ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ሳይሆን ዓመተ ዓለሙም ጭምር። አንድ ቀን ይህን ሳላውቅ ነካክቼ ኖሮ፣ ማሽኑ ዘመኑ 7518 ነው ብሎ ቁጭ አለ። ልጄ ተበላሸ ብላ ደነገጠች፤ እኔ ግን 5500ውን ዘመን ደምሮ መሆኑን ስላወቅሁ ለንስሐ አባቴ አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ አገላብጠው ተመለከቱትና «ይህ እንኳ የተማረ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ኮምፒዩተር ክፉ ሲነገር አይወዱም።

ያልተማረ ኮምፒዩተር ግን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ላውጋ፤ የዴንቨርን አውሮፕላን ማረፊያ የማያውቅ አንባቢ አይኖርም፤ በርበሬና ሽሮ ጭኖ ያልገባበት ሐበሻ፣ ወይም ሲነጋ ሲመሽ ያልሠራበት ዘመድ የሌለው የአውሮራ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ማረፊያ በጥቅምት 1993 መጨረሻ ይከፈታል ተብሎ፣ የተከፈተው ከዐሥራ ስድስት ወር በኋላ በየካቲት 28 ቀን 1995 ነው። ያዘገየውም በዋናው ነገር ሻንጣ ነው። ሻንጣ ተሸካሚ ሰው እንዳያስፈልግ፣ በምድር ውስጥ በሐዲድ ላይ የሚሮጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሣጥኖች በኮምፒዩተር እየታዘዙ ሻንጣውን ሁሉ እንዲያደርሱ ታስቦ ነበር፤ በ1994 ጋዜጠኞች ተጠርተው እንዲያዩ በተደረገ ጊዜ ግን፣ ሣጥኖቹ ሻንጣውን እየወረወሩ፣ እየቀደዱ፣ የሰው ልብስ በሐዲዱ ላይ በተኑት። በኋላም ከታሰበው ጥቂቱ ብቻ ሥራ ላይ ውሎ ቆየና በ2005 እርሱም ተተወ፤ ሻንጣውን ዛሬም ሾፌር ያለበት ጋሪ ይጎትተዋል፤ ሾፌሩም ብዙ ጊዜ የእኛው ልጅ ነው።

ይህን ታሪክ ያወጋኝ ከዚህ በታች ብዙ የሚሠራ ወዳጄ ነው። ቀድሞ በአዲስ አበባ የአውቶቡስ መካኒክ ነበረ፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ በፓርከር መንገድ አጠገብ ይኖራል፤ የሞተር ድምፅ በስልክ ሰምቶ የበሽታውን ስም ይነግርሃል። የብሎኒቱን ነገር ባጫውተው ጊዜ በማግስቱ ቅዳሜ ሳልጠራው መጣ፤ አንድ ከረጢት ሞረድና መዶሻም ይዟል።

«ጋሼ፣ ለዚህች ነው እንቅልፍ ያጣኸው?» አለና ገና ወንበር ሳይስብ ላፕቶፑን ለመንካት እጁን ዘረጋ፤ ያን ጊዜ ከጣቱ እስከ ብረቱ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ቿ ብላ ዘለለች። «በስመ አብ!» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የዴንቨር አየር በክረምት አጥንት ድረስ የደረቀ ስለ ሆነ፣ ምንጣፍ ላይ በካልሲ የተራመደ ሰው ሁሉ ትንሽ መብረቅ ተሸክሞ ይዞራል፤ የበር እጀታ ሲነካ ይቆነጥጠዋል። ይህችው ቁንጥጫ ለሰው ቀልድ ብትሆንም ለኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ የሞት ፍርድ ልትሆን ትችላለችና፣ ከመክፈት በፊት ግድግዳው ላይ የተሰካ ብረት ያለበትን ዕቃ ነክቶ መብረቁን ማራገፍ ያስፈልጋል። መካኒኬ ይህን ሲሰማ ምድጃውን ነካ፣ ማቀዝቀዣውን ነካ፣ ለጥንቃቄም የበሩን መስቀል ተሳለመ።

ቡናው እስኪፈላ ስለ ምን አለሽ ተራ አወራን። መርካቶን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ የሚጣል ነገር የለም። የዘይት ቆርቆሮ ማሰሻ ይሆናል፤ በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀ ጎማ በረባሶ ሆኖ እንደ ገና አገር ያዞራል። «እዚያ ብትወስደው» አለኝ ወዳጄ፣ «ልጆቹ ይህን ብሎን ሦስት ጊዜ ፈትተው አራት ጊዜ ያስሩት ነበር»። አራተኛው ከየት መጣ ብዬ ልጠይቀው አሰብሁና የወሬው ጣዕም እንዳይጠፋ ተውሁት። ከዚያም ከሰረዝ ካቻቢቴዬ ትንሹን አንሥቶ በሞረድ ይሞርደው ጀመር፤ አምስት ጫፍ ሊያወጣለት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስት ጫፍ አወጣለትና፣ ሞክሮ የአንዲቱን ብሎን አናት ላጠው። እርሱም እኔም ለጥቂት ጊዜ ስለ ቡናው ጥሩነት ተነጋገርን።

ባለቤቴ የምታቀርበው መፍትሔ ሁልጊዜም አንድ ነው፤ «ጣለው!» እኔ ግን መጣል ብፈልግ እንኳ አልችልም፤ በኮሎራዶ ኮምፒዩተርን፣ ቴሌቪዥንንና ማተሚያን የመሰለ ዕቃ ከቆሻሻ ጋር መጣል ከ2013 ሐምሌ ወር ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። በውስጣቸው እርሳስና ሌላም መርዝ ስላለ ወደሚፈቱበትና ወደሚለዩበት ስፍራ መወሰድ አለባቸው፤ መውሰድ ደግሞ ቅዳሜ ይጠይቃል፤ ቅዳሜዬ የሚውለውም በልቅሶ ወይም በሰርግ ነው። ስለዚህ የቤታችን ምድር ቤት የኮምፒዩተር መካነ መቃብር ሆኗል፤ አራት ላፕቶፕ፣ ሁለት ማተሚያ፣ ጀርባው እንደ ግመል ሻኛ ያበጠ አንድ ስክሪን፣ ደግሞም አንዱ ከሌላው ጋር በዝምድና የማይተዋወቅ የቻርጀር ገመድ አንድ ጆንያ ሙሉ። አውሮፓውያን ከ2024 ታኅሣሥ ጀምሮ ስልኮች ሁሉ በአንድ ዓይነት ገመድ ይሞሉ ብለው በሕግ ስለ ደነገጉ የእነርሱ ጆንያ ሳይቀልል አይቀርም፤ የእኔ ግን ለታሪክ ተቀምጧል።

ልጄ «አንተ ግን ለምን መክፈት ትወዳለህ?» ብላ በጠየቀችኝ ጊዜ የመለስሁላት ስለ አባቴ ራዲዮ ሳይሆን ስለ ዶክተር አበራ ሞላ ነው። (ከተማ ጽዳት ያስተማረንን ጋሽ አበራ ሞላን ማለቴ አይደለም፤ የእርሱ እውነተኛ ስም ስለሺ ደምሴ ነው።) ይህኛው አበራ ሞላ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ሲሆኑ፣ በዚሁ በእኛው ኮሎራዶ ተቀምጠው በ1980ዎቹ ዓመታት የግዕዝን ፊደል ወደ ኮምፒዩተር ካስገቡት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ናቸው። በዚያን ዘመን ኮምፒዩተር ለፊደል የነበረው ማደሪያ ቢበዛ 256 ክፍል ነው፤ ለእንግሊዝኛ ከበቂ በላይ ነው፤ የእኛ ግን ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ሆነው፣ እነ ቋንና እነ ጓን፣ ሃያውን አኃዝና ነጥቦቹን ስትጨምርባቸው ቤቱ ይጠባል፤ እንግሊዝኛውም በዚያው ቤት ነባር ስለ ሆነ አይለቅም። ስለዚህ ፊደሉን በየክፍሉ ከፋፍሎ ማሳደር፣ ኪቦርዱንም አዲስ ልማድ ማስተማር ግድ ሆነ። ግዕዝ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደሎች መዝገብ የተጻፈው በ1999 ነው፤ እርሳቸው ደግሞ በ2015 ስለ ግዕዝ አጻጻፍ ብልሃታቸው ከአሜሪካ መንግሥት የፈጠራ ባለመብትነት አግኝተዋል።

የላም ሐኪም ይህን ለማድረግ የቻለው ምን ስለ ሆነ ነው? አዋቂነታቸው እንዳለ ሆኖ፣ ማሽኑ የሚነካ ማሽን ስለ ነበረ ነው። «እንዳይከፈት ተብሎ» የተሠራ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ይህን ወግ ዛሬ የምጽፈው በእጄ፣ ያውም እንግሊዝኛ ፊደል እየተዋስሁ ነበር። ልጄ ዝም አለች፤ የረታኋት መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ኋላ ሳያት ጆሮዋ ውስጥ ማዳመጫ ነበረ።

አንድ ማታ የብሎኒቱን ነገር በማኅበር ላይ ባነሣው፣ ሕግ የሚያውቅ አንድ የማኅበራችን ሰው «ጋሼ፣ ሕጉ እኮ ወጥቷል» አለኝ። እውነትም ወጥቶ ኖሯል። ኮሎራዶ ሰው ዕቃውን የመጠገን መብት አለው ስትል የጀመረችው በ2022 በሞተር በሚሄዱ የአካል ጉዳተኞች ወንበሮች ነው፤ በ2023 ከአሜሪካ ክፍላተ አገር ሁሉ ቀድማ ለገበሬው ትራክተርና ማጨጃ ፈቀደች፤ በ2024 ግንቦት ላይ ደግሞ አገረ ገዢው ጃሬድ ፖሊስ ስለ ስልክና ስለ ኮምፒዩተር የወጣውን ፈረሙበት፤ ይህም ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ጸንቷል። ሠሪው መለዋወጫውን፣ መፍቻውንና የጥገናውን መጽሐፍ ለባለቤቱም ለውጭ ጠጋኙም በተገባ ዋጋ ማቅረብ አለበት ይላል። መራመድ ላልቻለው፣ ከዚያ ለሚያርሰው፣ ከዚያ ለሚጽፈው፤ ተራው በጎ ተራ ነው፤ ጸሐፊ መጨረሻ መሆኑ ከጥንትም የነበረ ነው።

እንግዲህ በሕግ ተደግፌ፣ መጽሐፉን አስወጥቼ፣ ባትሪውን አስልኬ፣ ባለ አምስት ቅጠሉን ካቻቢቴ ፍለጋ በኩዊንሲ ጎዳና ወዳለው ማይክሮ ሴንተር ሄድሁ። በሽያጭ ክፍሉ ያለው ልጅ ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጠኝ፤ ዋጋው ከአንድ ሳህን ክትፎ ያነሰ ነው። «ይህ ከመቼ ጀምሮ ይሸጣል?» ብዬ ብጠይቀው፣ እርሱ እዚህ ከመቀጠሩ በፊት ጀምሮ እንደ ነበረ ነገረኝ። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁበት፣ አንድ ካቻቢቴ የተሞረደበት፣ አንዲት ብሎን የተላጠችበት ቁልፍ ሁልጊዜም ከቤቴ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር። ይህን ለመካኒኬ አልነገርሁትም። ሲያነበው ይወቀው።

ዘጠኙ ብሎኖች ተፈቱ፤ የተላጠችውን ዐሥረኛዋን ወዳጄ በጎማ ቁራጭ ተጭኖ በብልሃት አዞራት፤ ለዚህች ብቻ ምስጋናዬ ፍጹም ነው። ክዳኑ ሲነሣ አባቴን አሰብሁት፤ አቧራው አለ፣ የሸረሪት ድር ግን የለም፤ ቦግ የሚልም ነገር የለም፤ ሁሉ ጥቁር፣ ሁሉ ጠፍጣፋ፣ ሁሉ ዝም ያለ ነው። ባትሪው እንደ አቡጀዲ ትራስ ተነፍቶ በማስቲሽ ተለጥፏል። መካኒኬ ቢላዋ ሊያነሣ ሲል መጽሐፉን አሳየሁት፤ በብረት አትንኩ ይላል። ስለዚህ የባለቤቴን የልብስ ስፌት ክር ከሥሩ አስገብተን፣ አንዱን ጫፍ እርሱ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን፣ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እየሳብን አንድ ሰዓት ሙሉ ማስቲሹን ቆረጥነው፤ ባትሪውንም እሳት ቢያነሣ እንኳ ቤቱን እንዳያቃጥል በብረት ድስት ከትተን በረንዳው ላይ በረዶው ውስጥ አስቀመጥነው። ድስቱ የዶሮ ወጥ ድስት መሆኑ የታወቀው ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነው።

ላፕቶፑ ሠራ። ክዳኑም ይገጥማል፤ ይህንንም ወግ የጻፍሁት በእርሱ ነው። ድስቱ ተለውጧል፤ ዋጋው ከባትሪው በለጠ።

ካቻቢቴው እንግዲህ እኔ ዘንድ ነው። በአውሮራም ሆነ በዴንቨር ያለህ አንባቢ፣ ሆዱ የተነፋ ላፕቶፕ ካለህ በስልክ ጠይቀኝና መጥተህ ውሰድ፤ ቡናም አለ፤ ባትሪውን የምታኖርበት ድስት ግን ይዘህ ና። አንተ ደግሞ በ2019 ፒንሳዬን ለአምስት ደቂቃ የወሰድህ ወዳጄ፣ ይህን እያነበብህ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ በሩ ክፍት ነው፤ ማታ ላይ ብታስቀምጠው ማንም አያይህም።